ዝም ያለው ማርቲኒ

በእኛ ሸለቆ ውስጥ እኔ ነክቼው ሳይጠብቅ የቀረ ብረት የለም። ለመኩራራት አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጩቤ በብር ሲለብጥና የሰው ጠመንጃ ሲጠግን የኖረ አንጥረኛ ነው። ግን አምና አንድ የማነገቻ ቀለበት ሁለት ቀን ታግሎት ሲያቅተው፣ ቁርሴን እየበላሁ በአንድ እጄ ያጠበቅሁለት እኔ ነኝ። እሱ ሲያወራው «አብረን ሠራነው» ይላል። ይበል፣ አባት ነው።

ዙዌይና እባላለሁ፤ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤት እስከ አምስተኛ ክፍል ሄጃለሁ። ከዚያ ጎርፍ መጣና መንገዱን ጠራርጎ ወሰደው። መንገዱ ተመልሶ እስኪሠራ ድረስ እኔ ሞረድ መያዝ ለምጄ፣ አስተማሪውም ያለእኔ መኖር ለምዶ ስለነበር ማናችንም ሌላውን አልፈለግንም።

አጎቴ ሐምዳን ሊያገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው የአያቴን ማርቲኒ ጠመንጃ ተሸክሞ እኛ ቤት መጣ። አባቴ የብር ሽቦ ሊገዛ ሱሓር ከተማ ወርዶ ነበር። ሐምዳን ሙሽራ ስለሆነ ሐሳቡ ሁሉ ሌላ ቦታ ነው፤ ብሩን ወልውሉልኝ፣ ለሠርጉ ያብለጭልጭ ብሎ ጠመንጃውን እግሬ ሥር አስቀምጦ ሄደ። ስለ ማጥበቅ አንድ ቃል አልተናገረም። ይህን የምናገረው በኋላ ጥፋቱ የማን ነው ሲባል እሱን እንዳትወቅሱት ነው።

ማርቲኒው አሮጌ ነው። እንግሊዞች ሲሠሩት ሁለት የብረት ቀለበት ብቻ ነበረው፤ ቱቦውን ከእንጨቱ ጋር አቅፈው የሚይዙት እነሱ ናቸው። የአባቴ አባት ደግሞ ለጌጥ ሦስት የብር ቀለበት ጨመረበት። አሁን አምስቱም ልቅ ናቸው። እንጨቱ በስንት በጋ ደርቆ ከስቷል፣ ቀለበቶቹ ግን አልከሱም፤ ስለዚህ የሟች ወንድሙን ልብስ እንደለበሰ ሰው ሆኗል። ጠመንጃውን ከፍ ባደረጉት ቁጥር ቅጭል ቅጭል ይላል። የሚገርመው፣ አባቴ በየዓመቱ ብሩን ይወለውላል እንጂ ቀለበቶቹን ነክቷቸው አያውቅም። ለምን ስለው «ተዪው» ብቻ ነው መልሱ። እኔም አቅቶት ነው ብዬ፣ እንዳላሳፍረው ዝም እለዋለሁ።

አያቴ አባባ ሙረይድ የእናቴ አባት ነው። በዐያላ ጭፈራ ወንዶቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ሲቆሙ፣ መሐል ገብቶ ጠመንጃ ወደ ሰማይ የሚወረውር ሰው አለ። በእኛ መንደር ያ ሰው እሱ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ። ሦስት ጊዜ ይወረውራል፣ ሦስት ጊዜ ይቀልባል። ጠመንጃው አየር ላይ እያለ ከበሮ መምታት ነውር ስለሆነ ሁሉም ዝም ይላል። የሌላ መንደር ወርዋሪዎች አንጋጠው፣ አፋቸውን እንደ ጫጩት ከፍተው ነው የሚጠብቁት። አባባ ሙረይድ ግን ወደ ላይ አያይም። ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንገቱን ትንሽ ዘንበል ያደርጋል፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ይልና እጁን ዘርግቶ ከግድግዳ ላይ እንደሚያወርድ ሰው ይቀበለዋል። ይህን ለማየት ከባሕሩ ዳር ድረስ ሰው በመኪና ተጭኖ ይመጣል። እንዲህ ያለ ኩራት የትም የለም ይላሉ።

ሕጉ ግን ያው ሕግ ነው። ጠመንጃው መሬት ከነካ ወርዋሪው ቦታውን ይለቃል። ከዚያ በኋላ ቦታው ምንጣፍ ላይ ነው፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትራስ ተደግፎ ቴምር ይበላል፣ ዳግመኛ አይወረውርም። አባባ ሙረይድ ለእናቴ ምንጣፉ ላይ የተቀመጥኩ ቀን ከፈን አዘጋጁልኝ ብሏታል፤ ሲቀልድ አይመስልም ነበር።

ያንን ቦታ አጥብቆ የሚፈልገው ደግሞ አባባ ኸልፋን ነው፣ የአባባ ሙረይድ ሚስት የሆነችው የሴት አያቴ የእማማ ሺኻ ወንድም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሁለተኛ ሆኖ ጠብቋል። ምናልባት ዛሬ ይሆናል እያለ ለየሠርጉ አዲስ የዲሽዳሻ ቀሚስ ያሰፋል። ሁለቱ በግልጽ ተጣልተው አያውቁም። ብቻ አንድ ጊዜ አባባ ሙረይድ በገበያ መሐል የኸልፋንን አህያ አግኝቶ «ሰላም ላንተ ይሁን ኸልፋን፣ ቤተሰብ ደኅና?» ብሎታል። አህያው ስላልመለሰለት ቆሞ ሁለተኛ ጠየቀው። መንደሩ አንድ ወር ሙሉ ሳቀ። እንዲህ ያለ የረቀቀ ስድብ ከዚያ በፊት ተሰምቶ አያውቅም ተባለ።

ኸልፋን አምና ብድሩን መለሰ። የሙረይድ ጠመንጃ አንገቷ ላይ ቃጭል የታሰረላት ፍየል ናት፣ መጣሁ መጣሁ እያለች ነው የምትወርደው አለ። ሰው አሽካካ። እኔን ግን አንገበገበኝ። አሁን ጠመንጃው እግሬ ሥር፣ አባቴ ሱሓር። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ካቻቢቴ አልነካሁም። ካቻቢቴ ጉልበት እንጂ ጆሮ የለውም፤ ብሎኑ በቃኝ ሲል አይሰማም፣ የደረቀ እንጨት ደግሞ አንዴ ከተሰነጠቀ አለቀለት። እኔ የማጠብቀው በጣቶቼና ጠርዟን በሞረድ ባሳሳኋት አንዲት አሮጌ ሳንቲም ነው። መጀመሪያ አምስቱን ቀለበቶች ፈትቼ እንደ ቅደም ተከተላቸው ጨርቅ ላይ ደረደርኳቸው። እንጨቱን የሰሊጥ ዘይት ቀብቼ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ አስተኛሁት፤ ጠምቶት ስለነበር እንደ ጾመኛ ነው የጠጣው። ከዚያ የፍየል ቆዳ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ አድርጌ ቀደድኩት። በየቀለበቱ ቦታ አንድ አንድ ዙር ጠቀለልኩና ቀለበቱን በአውራ ጣቴ እየገፋሁ አስገባሁበት። ብሎኑን ሩብ ዙር፣ ከዚያ እረፍት። ደግሞ ሩብ ዙር። ጣት ሲቃጠል ቆም ማለት ነው፣ ጣት ከብረት በፊት ይናገራል። ከቱቦው ሥር የሚሰካው የመወልወያ ዘንግ ጭምር ልቅ ስለነበር የብሎን ጥርሱ ላይ ሰም የታሸ ክር ጠምጥሜ አጠበቅሁት።

በአምስተኛው ቀን ጠመንጃውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነቀነቅሁት። ዝም። ገልብጬ ነቀነቅሁት። ዝም። ድንጋይ እንኳ ቢሆን እንዲህ ዝም አይልም። ብሩንም ወለወልኩት፤ ለነገሩ የታዘዝኩት እሱን ነበር። ሐምዳን ሊወስደው ሲመጣ ምንም አልነገርኩትም። ወሬውን ኸልፋን በራሱ ጆሮ እንዲሰማ ፈለግሁ፤ ማለትም ምንም ሳይሰማ እንዲሰማ።

የሠርጉ ዕለት እናቴ ፀጉርሽን ፈትተሽ ከልጃገረዶቹ ጋር ትጨፍሪያለሽ ብላ ነበር። ጠጋ ብላ ስታሸተኝ ግን ሐሳቧን ቀየረች፤ ሰሊጥና ፍየል ሸትቻለሁ። እማማ ሺኻ ጋር ድስቱ ዘንድ ቁሚ፣ የምግቡ ሽታ ይሸፍንሽ አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ግቢው ውስጥ ከረድፎቹ መጨረሻ ላይ ሰው የሚያህል የሐሪስ ድስት ተቀምጧል፤ ስንዴውና ሥጋው ከሌሊት ጀምሮ ሲፈላ አድሮ ገንፎ ሆኗል። እማማ ሺኻ በእንጨት መምቻ እየደበደበችው ነው። ከዚያ ቦታ ሁሉም ነገር ይታያል።

ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ወንዶቹ ተሰለፉ። ከበሮው ተጀመረ። አባቴ በዚያው ሰዓት ከሱሓር ደርሶ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ረድፉ ውስጥ ገባ። ኸልፋን በአዲሱ ዲሽዳሻው አብረቅርቆ ከፊት ቆሟል፣ ለድስቱ ቅርብ በሆነው ጫፍ። ሐምዳን ማርቲኒውን ለአባቱ አቀበለ። በከበሮው መሐል አባባ ሙረይድ ጠመንጃውን እያሽከረከረ ሁለት ጊዜ ዞረና ጀርባውን ለድስቱ ሰጥቶ ቆመ። ብሩ በፀሐይ ሲያንጸባርቅ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም አልኩ፣ ለራሴ ነበር።

ከዚያ ወረወረው። ከበሮው ቆመ።

እንዴት እንደወጣ ብታዩት። ከቴምሩ ዛፍ በላይ ወጣ፣ እየተገለባበጠ፣ አንዲት ድምፅ ሳያሰማ። ያ ሁሉ ሰው ዝም፣ ጠመንጃውም ዝም። አባቴ መጀመሪያ ወደ ላይ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። አባባ ሙረይድም እንደ ወትሮው ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆሟል። ጠመንጃው ጫፍ ላይ ደርሶ መውረድ ጀመረ። አያቴ አልተንቀሳቀሰም። ጠመንጃው የዛፉን አናት አለፈ። አያቴ አሁንም እንግዳው እንደዘገየበት ሰው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ማርቲኒው ከኋላው ሦስት ክንድ ርቆ በአፈሙዙ ቁልቁል መጣና የሐሪሱ ድስት ውስጥ ዱብ ብሎ ገባ።

ገንፎው ተረጨ። እማማ ሺኻ ላይ ትንሽ፣ እኔ ላይ ትንሽ፣ ኸልፋን ላይ ግን ከጢሙ እስከ እምብርቱ። ሰደፉ ከድስቱ ወጥቶ እንደ ማማሰያ ቆሟል።

አባባ ሙረይድ ብቻ ምንም አላየም። እጁ እንደተዘረጋ ነው።

«የት ሄደ?» አለ።

ማንም የሳቀ የለም። መጀመሪያ የተናገረው ኸልፋን ነው፤ ጢሙን በእጁ እየጠረገ፣ ነገሩ አልቋል፣ ወድቋል፣ ሙረይድ ወንድሜ ምንጣፉ ጋ ተቀመጥ አለ። ድምፁ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ይሰማ ነበር። አያቴ የተዘረጋ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ምንጣፉ ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ደግነት የሠሩ መስሏቸው ትራስ አመቻቹለት። እኔ እኮ ያጠበቅሁት ኸልፋን እንዳይስቅበት ነበር።

«መሬት አልነካም» አለች እማማ ሺኻ መምቻዋን እንደያዘች። «ድስቴ ውስጥ ነው ያለው። ድስቴን መሬት ያለ ይምጣና ይንገረኝ።»

ክርክሩ ተነሣ። አንዱ ሽማግሌ ድስቱ መሬት ላይ ስለተቀመጠ መሬት ነው አለ። ሌላው ታዲያ አንተ አልጋ ላይ ስትተኛ መሬት ላይ ነው የምትተኛው ወይ አለው። ሦስተኛው ሐሪሱ አሁንም ይበላ እንደሆነ ብቻ ነው ማወቅ የፈለገው። የመስጊዱ ኢማም ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት ጠይቆ አረጋገጠና፣ ከዚያ ወደ ድስቱ ዞር ብሎ ትንሽ አሰበ። መሬት ላይ የወደቀ ምግብ ለእንግዳ አይቀርብም፤ ስለዚህ ጠመንጃው መሬት ላይ ወድቋል የሚል ሰው ከዚህ ሐሪስ አይበላም፣ የሚበላ ሰው ደግሞ አልወደቀም ብሎ መስክሯል ማለት ነው አለ። ሁሉም ወደ ኸልፋን ዞረ። ኸልፋን ያን ጊዜ ጣቱን ከአፉ እያወጣ ነበር። ጢሙ ላይ የነበረውን ልሶት አብቅቷል።

«ጨው ያንሰዋል» አለ ቀስ ብሎ።

ተፈረደ። እንደገና ይወረወራል፣ ሦስቱም ከመጀመሪያው ይቆጠራሉ። ሐምዳን ጠመንጃውን ከድስቱ ነቅሎ አወጣው። አያቴ ተቀበለው፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው፣ ከዚያ ብረቴን የነካው ማነው ብሎ ጠየቀ። ሐምዳን አንገቱን ደፋ። አባቴ አፉን ሊከፍት ሲል እኔ ቀደምኩት። ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም፤ ሽልማት ይሆናል።

«እኔ ነኝ አባባ። አጠበቅሁልህ። አንዱም አይንቃጨልም።»

ድስቱ ዘንድ ወደ እኔ መጣ። ሰዎቹ ገንፎውን እንድጠርግለት የመጣ ነው የመሰላቸው። ጎንበስ አለና በጆሮዬ አንሾካሾከ።

«የምቀልበው እኮ ቅጭልጭሉን ነው ልጄ። ዓይኔ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። ኸልፋን እንዳይሰማ።»

ያ አህያ ትዝ አለኝ። ምስኪኑ አያቴ የእውነት ሰላም ብሎት ነው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩና ጠመንጃውን ጭኔ ላይ አስተኛሁት። ሁለት ረድፍ ወንድ፣ ሴቱ ሁሉ፣ ከባሕር ዳር የመጡት እንግዶች ያዩኛል። ሳንቲሟን አወጣሁ። አምስት ቀን የፈጀብኝን አምስቱን ቀለበት ልፈታ ነው፤ ያውም መጀመሪያም ጠብቀው እንደማያውቁ አድርጌ። ብሎኖቹ በትኩስ ገንፎ ተለስነው ያዳልጣሉ። የቆዳውን ጠፍር ጫፍ በጥፍሬ ብይዘው እምቢ አለ፤ በጥርሴ ነክሼ ጎተትኩት። ሁለተኛውንም በጥርሴ። ሦስተኛው ላይ ኸልፋን መጥቶ ከላዬ ቆመ። ምን እየሠራሽ ነው አለኝ። ገንፎው ብረቱ ውስጥ ከቀረ ይዝጋል፣ እያጸዳሁ ነው አልኩት፣ አፌ ውስጥ የፍየል ቆዳ እንዳለ። አንዱን ቀለበት በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። ቀለበቱ ተንቃጨለ።

«ይሄ ልቅ ነው። እግረ መንገድሽን አጥብቂው እንጂ» አለ።

«እሺ አባባ ኸልፋን» አልኩት። በሕይወቴ ሰው የመከረኝን ሳልሰማ እሺ ያልኩት በጣም ብዙ ጊዜ ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን በደስታ ብዬ አላውቅም።

አምስቱንም ፈትቼ ስጨርስ ለአያቴ ሰጠሁት። ጆሮው ላይ ነቀነቀ።

«ገና» አለ።

ስንዴው ከቀለበቶቹ ሥር እንደ ሙጫ ይዟል። በጣቴ ጠረግሁ፣ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁ። ሰጠሁት።

«ገና።»

የመወልወያውን ዘንግ ክር ቆርጬ አወጣሁ። የላይኛውን የብር ቀለበት ብሎን አንድ ሙሉ ዙር ወደ ኋላ መለስኩ። ነቀነቀው። ቅጭል ቅጭል አለ። ፊቱ ተፈታ፤ የጠፋች ፍየሉን ድምፅ የሰማ ሰው ነው የመሰለው።

ከበሮው ተጀመረ፣ ቆመም። ማርቲኒው ወጣ፣ እየጮኸ። አያቴ ዓይኑን ጨፈነ፣ አንገቱን ዘንበል አደረገ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ሄደ፣ እጁን ዘረጋ፣ ያዘው። ከገንፎው የተረፈ ጠብታ ጓዳው ግድግዳ ላይ አረፈ። ሁለተኛውንም ያዘው። ሦስተኛው ነፋስ ገፍቶት ወደ ኸልፋን ሄደ፤ ኸልፋን እንዳይመታ አንገቱን ሲሰብር፣ አያቴ ከአፍንጫው ፊት ቀልቦ ወሰደው። ከባሕር ዳር የመጡት ሰዎች ጥምጣማቸውን ወረወሩ። ዓይኑን እንኳ አልገለጠም እኮ ይባባሉ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ትራሱን መለሱት። አባቴ በአጠገቤ ሲያልፍ አልተቆጣኝም። ጥርሴ ላይ የቀረ የፍየል ፀጉር እንዳለ ብቻ አሳየኝና ሄደ።

ምግቡ ተበልቶ ካበቃ በኋላ ድስቱ ዘንድ እኔና እማማ ሺኻ ቀረን። እሷ ሁሉንም ስታውቅ እንደኖረች ከዓይኗ ገባኝ። ሰውነቴ ሁሉ ገንፎ ሆኖ እንኳ ልቤ አብጦ ነበር፤ አያቴ ቦታው ላይ ነው፣ ኸልፋን ሦስት ሳህን በልቶ ሄዷል፣ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? ዛሬ አባባን ቦታው ላይ ያቆየሁት እኔ እኮ ነኝ አልኳት። ማጥበቅ ማንም ይችላል፤ ልክ በጆሮው መጠን ማላላት ግን በዚህ ሸለቆ ከእኔ እጅ በቀር የማን እጅ ይችላል ብዬ ጠየቅኋት።

እማማ ሺኻ የድስቱን ክዳን ጥግ አስደገፈችና የማጠቢያውን ጨርቅ ወረወረችልኝ።

«ራስሽ ያበላሸሽውን ነው ራስሽ የመለስሽው» አለች። «ነይ፣ የድስቱን ቂጥ ፈግፊ።»